የማይታረስ ሜዳ፦ ጥምቀት በቢቸናና በሞጣ አገር

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፍ መንገደኛ ግራ ቀኙን ሲያይ የሚያየው ጤፍ ነው። የቢቸና ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የታወቀ ነው፤ በዚህ አገር አንድ ክንድ መሬት ወንድማማች ያካስሳል፣ ድንበር ገፋህ ተባብሎ ጎረቤት ይኳረፋል። እንዲህ በሆነበት አገር በየአጥቢያው ወንዝ ዳር ማንም ሞፈር የማያሳርፍበት ለጥ ያለ ሜዳ ያየ እንግዳ የማነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ጥምቀተ ባሕር ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ከብት ይግጥበታል፣ እረኞች ይራገጡበታል፣ ልብስ አጣቢዎች ያሰጡበታል። ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የአገሩ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል።

ጥምቀት ሲባል በቴሌቪዥን የምናየው የጎንደሩን የአፄ ፋሲል መዋኛና የአዲስ አበባውን ጃንሜዳ ነው። ሁለቱም ዓይን ይሞላሉ። አብዛኛው የአገራችን ምእመን ግን በዓሉን የሚያከብረው ካሜራ በማይደርስበት፣ ሦስት አራት ታቦት በሚወርድበት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው። እኔ ያደግሁበት የሮብ ገበያ አካባቢም እንዲሁ ነበር። ይህን በዓል ለማያውቀው ሰው ላስተዋውቅ ስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ በገጠር ጥምቀት ተመልካች የሚባል የለም። የሚሸከም አለ፣ የሚያቀነቅን አለ፣ የሚቀበል አለ፣ ውሃ የሚያቀርብ አለ፣ መንገድ የሚጠርግ አለ። ቆሞ የሚያይ ሰው ቢገኝ እንኳ ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር እጁ ላይ ይደረግለታል።

ወሩም የተመቸ ነው። ጥር ላይ እህሉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አብዛኛው ተወቅቶም ጎተራ ገብቷል። በሬው ያርፋል፣ ሰውየውም ያርፋል። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መንገዱ ስለደረቀ በክረምት የተቆራረጠው ቀበሌ ሁሉ ይገናኛል። ከጮቄ ተራራ እየወረዱ ወደ ዓባይ የሚገቡት ወንዞች፣ እነ ሙጋ፣ እነ ሱሃ፣ በክረምት ሰውና ከብት የሚወስዱት፣ በዚህ ጊዜ ቀጥነው በድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሯቸው ይሆናሉ። ትንንሾቹ ምንጮችማ ቁርጭምጭሚት አያደርሱም። ስለዚህ ውሃውን ማቆር ያስፈልጋል፤ የበዓሉ የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነው።

ግድቡን የሚሠሩት የአጥቢያው ጎልማሶች ናቸው። ከተራ በሚባለው ዕለት፣ ጥር 10፣ ጠዋት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በዋዜማው፣ ዶማና አካፋ ይዘው ይወርዳሉ። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይደረደራል። በድንጋዩ መሃል ቅጠልና ጭድ ይጎሰጎሳል። ከዚያ በላይ ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር አንዱ በአንዱ ላይ እየተነጠፈ ይረገጣል። ረገጣው ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ አምስት ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ፣ ቁምጣውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ እየዘፈነ ይረግጣል። አንድ አያ የምንላቸው ሽማግሌ ዳር ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ያዝዙ ነበር።

«ከታች አጥብቃት! ከታች ከያዘች ከላይ ማንም ይደፍናታል።»

«ጠበቀች እኮ አያ።»

«ቧ! የታለ የጠበቀችው? አታያትም እንዴ ስታለቅስ?»

እውነትም ከድንጋዩ ሥር ቀጭን ውሃ ታፈተልካለች። እንደገና ይፈርሳል፣ እንደገና ይጎሰጎሳል። እኛ ልጆች ጭቃ እናቀብላለን፣ በየደቂቃውም እንጨት ተክለን ውሃው የት እንደደረሰ እንለካለን። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ጉልበት ሲያደርስ እልል የሚሉት ልብስ ለማጠብ የመጡ ሴቶች ነበሩ። ያ ግድብ ሌሊቱን ከያዘ የሠሩት ልጆች ስም ዓመቱን ሙሉ በበጎ ይነሣል። ካፈሰሰም እንዲሁ ዓመቱን ሙሉ ይነሣል።

ከጥምቀት በፊት የሚውለውን ገበያ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የዚያን ሳምንት ሮብ ገበያው ከወትሮው እጥፍ ይሆናል። ሰፊዎቹ የልብስ መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ይደረደራሉ፣ ቀሚስ የሚያስለካው፣ ቁምጣ የሚያሳጥረው፣ ጥለት የሚያስገጥመው ሰልፍ ይይዛል። የሚያስገርመው የሰፊዎቹ ትዕግሥት ነው፤ ሁሉም «ለጥምቀት አድርስልኝ» ይላል፣ ሁሉም ይደርስለታል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው አነጋገር ምን ያህል ከልብ እንደሚባል የሚገባው ያን ቀን በሰፊዎቹ በረንዳ ያለፈ ሰው ነው። ከዓባይ ቆላ ሎሚ በአህያ ይወጣል። አሪቲና አደስ በእቅፍ ይሸጣል፤ ሴቶቹ ከቅቤ ጋር አንጥረው ፀጉር ሊቀቡት። እንሶስላ የምትሞቅ ልጅ ሥሩን ፈልጋ ትገዛለች፣ ቤት ወስዳ ቀጥቅጣ እጅና እግሯን በቅጠል አስራ ታድራለች፤ በማግሥቱ መዳፏ ቀልቶ ይታያል። ጎረምሳው ዱላ ይመርጣል። ዱላ መምረጥ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ያጎብጠዋል፣ ይመዝነዋል፣ በአንድ ዓይኑ ጨፍኖ ቅንነቱን ያያል፣ ከዚያ ቅቤ ቀብቶ ጭስ ያጠግበዋል።

ከተራ ዕለት ጾም ነው። ገሃድ ይባላል። ከጠዋት ጀምሮ የበላ ስለሌለ የድግሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ሁሉም ይታገሣል። ወደ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ሲደወል ከየቤቱ ነጭ ልብስ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሰዉ ግጥም ብሎ ይሞላል። ከውስጥ ጸሎቱ አልቆ ታቦቱን በራሱ የተሸከመው ቄስ በደጀ ሰላሙ ብቅ ሲል ያለው ድምፅ በጽሑፍ አይገለጥም፤ እልልታው፣ ቃጭሉ፣ ከበሮው፣ የወንዶቹ ሆታ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ታቦቱ በመጎናጸፊያ የተሸፈነ ነው፤ ማንም አያየውም፣ ሁሉም ግን ጎንበስ ይላል። ዲያቆናቱ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ይዘውበታል። ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ከፊት ያሸበሽባሉ፣ የሰንበት ተማሪዎቹ ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የአገሩ ሰው ነው፤ ጋቢውን ያጣፋ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ፣ ልጁን ያዘለ።

ከደብሩ እስከ ሜዳው ያለው መንገድ በአዘቦት ቀን የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን በከተራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ታቦቱ በየደረሰበት ቄጠማ ተጎዝጉዞ ይጠብቀዋል። በየደጃፉ እናቶች በእንስራ ውሃ፣ በወጪት ቆሎ፣ በሙዳይ ዳቦ ቆርሰው ይዘው ይቆማሉ። ለሚዘምረው ሁሉ ይታደላል፤ ጿሚው ግን ቆሎውን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለማታ ያቆያል። አንዳንድ ጊዜ ታቦቱ ይቆማል። ታቦቱ አልሄድም አለ ይባላል። ቄሱ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም፤ ሕዝቡም ዝም ይላል። እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ በሆነ ጊዜ ሽማግሎቹ ወደ ሕዝቡ ዞረው «የተጣላችሁ ታረቁ» ብለው ጮኹ። በድንበር የተቀያየሙ ሁለት ጎረቤታሞች ከሕዝቡ መሃል ወጥተው ድንጋይ ተሸክመው ተንበረከኩ፣ ተሳሳሙም። ከበሮው እንደገና ተመታ። በፍርድ ቤት ሦስት ቀጠሮ የበላ ነገር እዚያ መንገድ ላይ አለቀ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

ሜዳው ላይ ከየአቅጣጫው የሚመጡት ታቦታት ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ነው። የሚካኤሉ ከወዲያ፣ የማርያሟ ከወዲህ፣ የጊዮርጊሱ ከኮረብታው። የደረሰው ያልደረሰውን ይጠብቃል፤ ካህናቱ ተሰልፈው ይቀበላሉ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚተያዩ ዘመዳሞች የሚገናኙት እዚህ ነው። በማዶ ቀበሌ የተዳረች እኅት ወንድሞቿን ታገኛለች፤ የክርስትና ልጅ አባቱን ያገኛል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የሞተው፣ የተወለደው ሁሉ ተራ በተራ ይጠየቃል።

ሌሊቱ የካህናቱ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የሁሉም ነው እላለሁ። ታቦታቱ በየድንኳናቸው ያድራሉ፣ ሰዉም እሳት አንድዶ ዙሪያውን ያድራል። ጾሙ ተፈቶ እንጀራና ጠላ ይቀርባል። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ማኅሌቱ ይቆማል። እዚህ ላይ ስለዚህ አገር አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የቢቸናና የሞጣ አካባቢ የሊቃውንት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ነው፤ ደብረ ወርቅ ማርያም እዚሁ ናት፤ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ግሩም ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸችባት መርጡለ ማርያም እዚሁ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ ዲማን የታሪካቸው መድረክ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ራሳቸውም በዚህ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሰዋል። ስለዚህ የጥምቀት ማኅሌት ላይ ቅኔ ይዘረፋል። ቅኔ ደግሞ ያለፈ ዓመቱ አይደገምም፤ ለዚያች ሌሊት አዲስ ሆኖ ይመጣል። መሪጌታው ሲዘርፍ የቆሎ ተማሪዎቹ በጨለማው ውስጥ ጆሮአቸውን አቁመው ይሰማሉ፣ ወርቁን ያገኘ «ይበል» ይላል። ግዕዙን የማያውቀው ገበሬም የሊቃውንቱን ፊት አይቶ ቅኔው መሥመሩን መያዙን ይረዳል። እኔ በስድስት ሰባት ዓመቴ ከአባቴ ጋቢ ሥር ሆኜ ያንን ሰምቼ ተኝቻለሁ፤ ትርጉሙ ባይገባኝም የሰዉ ጸጥታና የ«ይበል» ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከሌሊቱ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ይገባል። ጎሕ ሲቀድ ካህናቱ ወደ ተገደበው ውሃ ይወርዳሉ። ወንጌል በአራቱም ማዕዘን ይነበባል፣ ውሃው በመስቀል ይባረካል። ከዚያ በኋላ መረጨት ነው። በጆግ፣ በቅል፣ በእፍኝ፣ በቅጠል፤ ወደ ኋላ ያለው «ወደኛም! ወደኛም!» ይላል። የጮቄ ውሃ በጥር ጠዋት አጥንት ይሰብራል፣ ሸሽቶ የሚሄድ ግን አላየሁም። አሮጊቶች ለታመመ ሰው በጠርሙስ ይቀዳሉ። እረኞች ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ።

የዚህ ሥርዓት ዕድሜ ረጅም ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ታቦታት ወደ ውሃ መውረድ የጀመሩት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ነው ይባላል። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲቆይ በአፄ ልብነ ድንግል ፊት የተከበረ ጥምቀት አይቶ ጽፏል፤ ሜዳ ላይ ተቆፍሮ ውሃ የተሞላ ገንዳና በውስጡ የሚጠመቀውን ሕዝብ ይገልጻል። ያን ጊዜም ውሃውን ወደ ሕዝቡ ማምጣት ሥራ የሚጠይቅ ነገር ነበር ማለት ነው።

ታቦታቱ ረፋድ ላይ መመለስ ሲጀምሩ ሜዳው የወጣቶቹ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ዘፈን ሲደራ ትከሻው ይናገራል። ክብ ተሠርቶ አንዱ ያቀነቅናል ሌላው ይቀበላል፤ ከበሮ የምትመታው ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ይዘላሉ፣ አፈሩ ይቦናል። በዚህኛው ክብ ፉከራ፣ በዚያኛው ማሲንቆ፤ ፈረስ ያለው ደግሞ ጉግስ ይጋልባል። ሎሚ የሚወረወረውም ይሄኔ ነው። ጎረምሳው ቀኑን ሙሉ ሲያይ የዋላትን ልጅ ደረት በሎሚ ይመታል፤ ልጅቱ ሎሚውን አንሥታ ከያዘችው አንድ ነገር ተጀመረ ማለት ነው፤ ረግጣው ካለፈች ሌላ ሎሚ ለሌላ ቀን። እናቶች ዞር ብለው የሚያወሩ ይመስላሉ እንጂ አንዱም ሎሚ አያመልጣቸውም። ከሜዳው ዳር ቁጭ ያሉት አባቶችም የማን ልጅ ናት፣ ዘራቸው ከየት ነው ይባባላሉ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ የሠርግ ወራት ስለሆነ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ቅርብ ነው። የብዙ ትዳር መነሻ ያ ሜዳ ነው፤ የእኔ ወላጆችም ከነዚያ ናቸው።

ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ያን ቀን ነው። ብዙ እንግዳ በ11 አልቋል ብሎ ይሄዳል። የአገሩ ሰው ግን ሚካኤልን ሳይሸኝ ወደ ቤቱ አይገባም፣ ደስታው ሞልቶ የሚፈስሰውም በዚህ ቀን ነው።

እንዲህ ያለውን የአደባባይ በዓል ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። በካሪቢያን ደሴቶች፣ በተለይም በትሪኒዳድ፣ ከፋሲካቸው ጾም በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ ካርኒቫል ይከበራል። በዓሉን ያመጡት በ18ኛው መቶ ዘመን የሰፈሩ ፈረንሳውያን ባለርስቶች ነበሩ፤ በባርነት የሚያሠሯቸው አፍሪካውያን ከጭፈራው ይገለሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ነፃ ሲወጡ ጎዳናውን የራሳቸው አደረጉት። በ1881 ችቦና ከበሮ ይዘው የወጡትን ፖሊስ ሊያስቆም ሲሞክር በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ግጭት ተነሣ። ከበሮ ሲከለከልባቸው ቀርከሃ መሬት ላይ እየደለቁ ምት ሠሩ፤ ቆይቶም በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተጣለ በርሜል ቀጥቅጠው ዜማ አወጡበት፤ ዛሬ የደሴቲቱ መለያ የሆነው የብረት ከበሮ እንዲህ ተወለደ። ወደ ለንደን የተሰደዱትም በዓሉን ይዘው ሄዱ፤ ክላውዲያ ጆንስ የምትባል የትሪኒዳድ ተወላጅ በ1958 በጥቁሮች ላይ ጥቃት በደረሰ ማግሥት፣ በ1959 ጥር፣ አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች።

ካርኒቫል ሥጋዊ ጭፈራ ነው፣ ጥምቀት ደግሞ መንፈሳዊ በዓል፤ ይህን አላደባልቅም። የትሪኒዳድ ሰዎች ስለ በዓላቸው ሲተርኩ ሳነብ ልቤን የነካው ግን ሰፈሩ ተሰብስቦ ለወራት ልብስ የሚሰፋበት ጓሮ፣ ለሁሉም የሚበቃው ወጥ፣ ወደ ውጭ የሄደው ልጅ ትኬት ቆርጦ የሚመለስበት ሳምንት ነው። ሰው ከሰፈሩ ጋር የሚተሳሰረው አብሮ ሲሠራ መሆኑን እነሱም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። 

የእኛ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ደስ ብሎኛል። መዝገቡ ግን ሜዳውን አይጠብቅም። ከተሞች በሰፉ ቁጥር፣ መሬት ያጣ ወጣት በበዛ ቁጥር ባዶ የሚመስል ሜዳ ላይ ዓይን ያርፋል፤ ጥቂት ሜትር ለመንገድ፣ ጥቂት ለመጋዘን፣ ጥቂት ለእርሻ እየተባለ ይቆረሳል። በክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ የወል ይዞታም ስለሚመዘገብ፣ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጥምቀተ ባሕሩ በካርታ መከለሉን ማረጋገጥ ይችላል። ይህን ሥራ ከጥላና ከድንኳን መግዣ እኩል እንዲያዩት እለምናለሁ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጥር በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባው ልጅ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ሳይሄድ ይቀራል። ጥር በረዶ በሚጥልባቸው ሩቅ ከተሞች ያለው ደግሞ ነጠላውን ከካፖርቱ ላይ ደርቦ እዚያው ያከብራል፣ ለደብሩ መጎናጸፊያና ጥላ መግዣ ገንዘብ ያዋጣል። ስልክ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ታቦቱ ወርዶ አደረ ወይ የሚለው ነው።

ሰላም ወርዶ፣ መንገዱ ተከፍቶ ወደዚህ አገር ለመምጣት ያሰበ ሰው በጥር 9 ቢደርስ መልካም ነው፤ ግድቡን ይደርስበታል። ነጭ ልብስ ይያዝ፤ ነጠላ ከሌለው የሚያውሰው አያጣም። ታቦቱ ሲያልፍ ጫማውን ያውልቅ። ካሜራ ያለው ሰው ካህናቱን ያስፈቅድ፣ ከታቦቱ ፊትም አይቁም። ቆሎ ሲሰጡት በሁለት እጁ ይቀበል፤ እንስራ ወይም የድንኳን ገመድ «እስቲ ያዝልኝ ወንድሜ» ተብሎ ከተሰጠውም አይመልስ። የመመለሻ መኪናውን ለ13 ያድርግ፤ ሚካኤል የሚገባው በ12 ነውና።